ያልቀመስኩት ቀይ ክር

እትዬ ይመኙሻል ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። ካርቱም፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ከረክሻ ስወርድ ከማኅበራቸው ሴቶች አንዷ ከመንገዱ ማዶ አየችኝና ተሻግራ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። "ዘሃራ፣ አልሰማሽም እንዴ? ይመኙሻል እኮ አረፈች" አለችኝ። ወባ ነው፤ የተኙትም ሁለት ቀን ብቻ ነው አለች። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እኔን በዓይኑ ሲፈልግ እንደነበርም ነገረችኝ። "እንደ ልጇ አልነበርሽም ወይ?" ስትለኝ ነበርኩ አልኳት።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የወሎ ልጅ፤ እሳቸው የመንዝ ክርስቲያን ነበሩ። ለቅሶ ቤት ስደርስ ግን ከዘመድ ተርታ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ በየተራ ደግነታቸውን ሲያነሱ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። የማውቀውን ብናገር ኖሮ ከዘመድ ተርታ አስነስተው ያስወጡኝ ነበር፤ ቢያስወጡኝም እውነት ነበራቸው። እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው። መጀመሪያ ግን ስለ እሳቸው ላውራ፤ ሰው በእኔ ጥፋት ብቻ እንዲያውቃቸው አልፈልግም።

ደቡብ ሱዳኖች ከሱዳን ተለይተው ከሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር። እኔ የሰው ቤት ሥራ ሰልችቶኝ ስወጣ ካርቱም ሁለት በሚሉት ሰፈር የእጅ ሥራ ሱቅ ያላት ሲት ናዲያ የምትባል ሱዳናዊት ዘንድ ተቀጠርኩ። ሲት ናዲያ ውጭ አገር ኖራ የተመለሰች፣ ቁጭ ማለት የማታውቅ ሴት ናት። ከኦምዱርማን ምንጣፍ ሠሪዎች የተረፈውን የክር ቁርጥራጭ በጆንያ ታመጣለች። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ደግሞ እኛ ቁርጥራጩን ፈትተን፣ አባዝተን፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽተን መቀመጫ እንሠራለን፣ የቤት ጫማ እንሠራለን፣ ለፈረንጅ የሚሸጥ ትንንሽ ግመልም እንሠራለን። ይህን ሙያ ለግቢው ያመጡት እትዬ ይመኙሻል ነበሩ። እናታቸው መንዝ ውስጥ የበግ ጠጉር ፈታይ ናቸው፤ ከእሳቸው የተማሩትን ነው ካርቱም ላይ ያወጡት።

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ መሬት ላይ የተጠቀለለ ሰሌን በባዶ እግራቸው ይረግጡ ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ አላወቅሁም። አረጋገጣቸው የእባብ አናት የሚያደቅ ሰው አረጋገጥ ነው። ደንግጬ ስቆም ቀና ብለው አዩኝና፣ ቆሞ ማየት ለመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ነይ ያንቺንም እግር እንየው አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። ከብዙ መርገጥ በኋላ ሰሌኑን ሲተረትሩት፣ ጠዋት በትንፋሽ ይበን የነበረው ጠጉር መቀስ የሚታገለው ወፍራም ነገር ሆኖ ወጣ። ወላሂ፣ ያን ዕለት አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት።

ቀጭን ነበሩ፤ እጃቸው ግን ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስል ሰፊ ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ከጫማቸው ውስጥ የጠጉር ምንጣፍ አያጡም። የካርቱም ሰው በሐምሌ ሱፍ ሲያሹ ሲያያቸው ይስቃል። እሳቸው ግን፣ ብርድ የከለከለ ሙቀትንም ይከለክላል፣ የሚስቁት እግራቸው ሲቃጠል ይመጣሉ ይላሉ። አንድ ሥራ ሲያልቅ ጉልበታቸው ላይ ጧ አድርገው ይመቱትና ጆሯቸውን ወደሱ ያዘነብላሉ። ድምፁ ደስ ካላቸው ዝም ብለው ያስቀምጡታል። ደስ ካላላቸው ደግሞ "ይሄ ገና ሊጡ ነው" ብለው ወደ ሙቁ ውሃ ይመልሱታል። አብረውን የሚሠሩት ልጆች ለይስሙላ ሲያሹ ካዩ፣ ማጨብጨብ የፈለገ ሰርግ ቤት ይሂድ ይላሉ። ተቆጥተው ግን አያውቁም፤ ቁጣቸው ከዚያ አያልፍም።

ግመል ሥሩ በተባሉ ጊዜ የሠሩትን እስካሁን ሳስብ ያስቀኛል። አንገቱ አጭር፣ ጆሮው የወደቀ፣ ሻኛው ደግሞ ጀርባው ላይ የተረሳ እንጀራ የሚያክል። እኛ የመንዝ በግ ነው ብለን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሳቸውም ዞር ዞር አድርገው አዩትና፣ በግ ሲሰደድ እንዲህ ነው የሚሆነው አሉ። ያን ግመል አንዲት ፈረንጅ ከሁሉ አስቀድማ ወሰደችው።

የእሳቸው ዋና ጥበብ ግን ክር መቅመስ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እውነተኛ የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዝና ይጠብቃል። ፋብሪካ የሠራው፣ እኛ ላስቲክ የምንለው ክር ግን እስከ ዕለተ ምጽአት ቢታሽ አይያያዝም። በዓይን ሲያዩአቸው ግን ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ምንጣፍ ሠሪዎቹም የሚልኩልን ከሁለቱም የተቀላቀለውን ነው። እትዬ ይመኙሻል እያንዳንዷን ክር ይመዝዛሉ፣ ጫፏን በከንፈራቸው ያርሳሉ፣ መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው በሁለት እጃቸው ይፈትጓታል። ከተያያዘች ቅርጫት ትገባለች፣ ከተበታተነች ወደ ውጭ ትጣላለች። ይህን ነው መቅመስ የሚሉት። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ላስቲክ ቢያብር ግን ዝንብ አያስርም" ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ምራቁን ተጸየፍኩ። በውሃ አይሆንም ወይ ብላቸው፣ ይሆናል፣ ምራቅ ግን ቅርብ ነው፣ ተነስቶ መቅዳት የለበትም አሉኝ። ፊቴን ሲመለከቱም፣ የሰው ልጅ ጠርገሽ ስትኖሪ ያልተጸየፍሽ በራስሽ ምራቅ ትጸየፊያለሽ ብለው አፌን አስያዙኝ። ሳይቆይ ለመድኩት። በዓመቱ ከእሳቸው ቀጥሎ ክር የሚቀምስ እኔ ሆንኩ። "የዘሃራ አፍ ዳኛ ነው" ብለው ለሲት ናዲያ ሲነግሯት ሰምቼ ሦስት ቀን ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ቀይ ሲሆን ግን እሳቸው ራሳቸው ሁለት ጊዜ ይቀምሱ ነበር፤ ቀይ ከሌላው ይልቅ ያታልላል ባይ ናቸው።

አገራቸውን ካዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በመተማ በኩል ያለ ወረቀት ሱዳን የገቡ ስለሆነ፣ አንዴ ከወጡ መመለሻ የላቸውም። መንዝ ያለው ቤት ደግሞ የሚኖረው እሳቸው በሚልኩት ነው። እናታቸው ግን አርጅተዋል፤ አንዱ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም በየዓመቱ እየጠበበ ነው። በስልክ በደወሉ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ይቺ ዓይኔ ሳትጠፋ መልክሽን ልየው። እትዬ ይመኙሻል ይህን ሲነግሩኝ አያለቅሱም፤ ክሩን ጠበቅ አድርገው ይፈትጉታል እንጂ። የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚሉት ቢኖራቸው፣ ሄደው እናታቸውን አይተው መመለስ ይችላሉ። ለዚያ ግን ከፊል፣ ማለትም ዋስ የሚሆን ሱዳናዊ ያስፈልጋል።

አንድ ዓመት ሲት ናዲያ ትልቅ ሥራ አገኘች። በዒድ የሚከፈት አንድ ምግብ ቤት ስልሳ ክብ መቀመጫ አዘዘ፤ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ሰፊ ቀይ ክብ ያለበት። እሷም እትዬ ይመኙሻልን ጠርታ፣ ይህን ሥራ በሰላም ካስረከብን እኔ ከፊልሽ እሆናለሁ፣ ኢቃማሽን አስወጣለሁ አለቻቸው። የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ፤ የእሳቸው ዓረብኛ ከገበያ አያልፍም ነበር። ሰምተው ሲያበቁ፣ ኢንሻላህ በያት አሉኝ። በማግስቱ ሻንጣቸውን ከአልጋቸው ሥር አውጥተው አቧራውን መጥረጋቸውን ራሳቸው እየሳቁ ነገሩኝ።

ያን ዓመት የእኛ ረመዳንና የእነሱ የሰኔ ጾም ገጥመው ነበር። እሳቸው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ሲችሉ እኔን ጀንበር እስክትጠልቅ ይጠብቁኝ ነበር። አይጠብቁኝ ብላቸው፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። ፉል በዘይት ለሁለታችንም ጾም ነው፤ አንድ ሳህን ላይ እንቀርባለን። ከቤቴ ርቄ እንዲህ የጠበቀኝ ሰው ከእሳቸው በፊት አልነበረም፣ ከእሳቸው በኋላም አላገኘሁም።

ሥራው ተጀምሮ ነጩ ካለቀ በኋላ ቀይ ክር አነሰንና ሲት ናዲያ አንድ ሙሉ ጆንያ አስመጣች። የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እትዬ ይመኙሻል በማግስቱ እሑድ ሊቆርቡ አስበው ነበር፤ ካርቱም እሑድ የሥራ ቀን ነው፣ እሳቸው ግን ያን ቀን ሥራ አይነኩም። በዚያ ላይ ቁርባን የተቀበለ ሰው ዕለቱን ምራቁን አይተፋም። ስለዚህ ጆንያውን ለእኔ ሰጡኝ። "ነገ አንቺ ቅመሺልኝ፤ ሰኞ ማለዳ እንዘረጋለን" አሉኝ። ጾም አፌን እንደሚያደርቀው ስለሚያውቁ አንድ ጣሳ ውሃ ቀድተው አጠገቡ አስቀመጡልኝ። በውሃ አርሺው፣ ጾምሽን እንዳትፈቺ፣ ብቻ እያንዳንዱን አሉ።

እሑድ ሙቀቱ ድንጋይ ያፈላ ነበር። ልጆቹ ቀርተው ግቢው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ጆንያውን ፈትቼ ከላይ አንድ ክር መዘዝኩ፣ በውሃ አራስኩት፣ አሸሁት፤ ተያያዘ። ሁለተኛም መዘዝኩ፤ እሱም ተያያዘ። ጥቁር ቀይ ነው፣ ደህና ጠጉር ነው። ሦስተኛውን አልቀመስኩም። ጥላው ሥር ሰሌኑ ላይ ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነሳ ጀንበሯ አዘቅዝቃለች፤ ከላይ ያለው ደህና ከሆነ ከታች ያለውስ ምን ይሆናል ብዬ ጆንያውን በሙሉ ቅርጫት ውስጥ ገለበጥኩት። ያ ጆንያ ከወገቡ በታች በሙሉ ላስቲክ ነበር።

ወደ ማታ ላይ እትዬ ይመኙሻል ነጭ ለብሰው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው በር ላይ ቆሙ። ወደ ሥራው አልገቡም።

"ሁሉንም ቀመስሽ?" አሉኝ።

"ሁሉንም" አልኳቸው።

"እግዜር ይስጥሽ" ብለው ሄዱ።

ሰኞ ዘረጋን፣ ሙቅ ውሃ ረጨን፣ ማሸት ጀመርን። ገና ስድስቱን እንደጨረስን እትዬ ይመኙሻል እጃቸውን አቆሙ። ይሄ ቀይ ውሃ አልጠጣልኝም፣ መዳፌ ላይ ተንሸራተተ አሉ። ቀና ብለው አዩኝና ቀምሰሽዋል አይደል አሉኝ። ያኔ እውነቱን ብናገር ስድስት መቀመጫ ነበር የሚፈርሰው። አንድ ቀን ተቀምጠን ክሩን መልሰን መቅመስ ነበር፤ እሳቸውም አንድ ሁለት ቀልድ ጥለው ያልፉት ነበር። እኔ ግን ሁለት ልጆች ፊት ውሸታም መባሉ ከበደኝ። ቀምሼዋለሁ፣ ውሃው ስላልሞቀ ነው አልኩ። ውሃውን አሞቁት። ከሥሩ ያለው ነጭ ጠጉር ቀዩን እንደምንም ይዞት ስለነበር በጣታቸው ሲቆነጥጡት አልተነሳም። ጉልበታቸው ላይ ሲመቱትም ድምፁ ደህና ነበር። የዒድ ዋዜማ ስልሳውን አስረከብን።

ምግብ ቤቱ በዒድ ተከፈተ። የመጣው ወንድ ሁሉ አዲስ ነጭ ጀላቢያ ለብሷል። ተቀምጠው በልተው ሲነሱ ቀዩ ከመቀመጫው ተነቅሎ ጀላቢያቸው ላይ ቀረ። ሰው በሰው ጀርባ ሳቀ፤ ሲራገፍ ደግሞ የባሰ ይበተናል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ስልሳውንም በመኪና ጭኖ መልሶ ግቢያችን ውስጥ አራገፈው፤ ሲት ናዲያን የተናገራትን እዚህ አልደግመውም።

ሲት ናዲያ ሁላችንንም ግድግዳው ሥር አቆመችን። ክሩን ማን አየው፣ ሥራውን ማን ተቀበለው ብላ ጠየቀች። እኔ ከሁሉም የተሻለ ዓረብኛ የማውቅ ነኝ፤ አፌን እስክከፍት ሁሉም እኔን ያያል። አልከፈትኩም። ኢቃማ የለኝም፤ ካባረረችኝ በየመንደሩ ወረቀት የሌለውን የሚያፍሰው ከሻ መንገድ ላይ ያገኘኛል ብዬ ፈራሁ። እትዬ ይመኙሻል አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። ያንን ሰፊ እጃቸውን ዘርግተው፣ በዚያች በገበያ ዓረብኛቸው፣

"አና… ኢዲ። ኢዲ ከዓብ" አሏት።

እኔ ነኝ፣ እጄ ነው፣ እጄ መጥፎ ነው ማለታቸው ነው። እኔን ለመሸፈን እንዳይመስላችሁ። እኔ ክሩን ቀምሼዋለሁ ብያለሁ፤ እሳቸው አምነውኛል። ክሩ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ከእጃቸው ሌላ ከየት ይመጣል?

የኢቃማው ነገር ያን ዕለት ቀረ። በሳምንቱ ሲት ናዲያ እትዬ ይመኙሻልን አሰናበተቻቸው፤ አልጮኸችባቸውም፣ ዕረፍት ያስፈልግሻል ነው ያለችው። የግቢውን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። ዓመት ሳይሞላ ከፊል ሆና ኢቃማ አስወጣችልኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን በተሸከምኩት ቁጥር ክብደት ጨመረ። ያችን ወረቀት የተቀበልኩ ቀን ዴም ያሉ ጓደኞቼ እልል ሲሉልኝ ወደ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

እትዬ ይመኙሻል ከከተማው ዳር፣ ማዮ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው በየቤቱ እየዞሩ ልብስ ያጥቡ ጀመር። አልፎ አልፎ እደውላለሁ፤ ሄጄ ግን አላየኋቸውም፤ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። አንድ ሐሙስ ራሳቸው ደወሉልኝና፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ነይልኝ፣ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ አሉ። ጥፋቴን ሰምተዋል ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። አርብ ጠዋት ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍሬ ማዮ ወረድኩ፤ አሸዋውን እየረገጥኩ በየሰው ጠይቄ አገኘኋቸው።

ከስተዋል። ሲያዩኝ ግን ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ኢቃማ ያማረባት እመቤት መጣች አሉ። በምሬት አልነበረም፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነው። ከዚያ መሬቱ ላይ ያነጠፉትን አሳዩኝ። ከስምንት የማያንሱ፣ መዳፍ የሚያክሉ የታሹ ቁራጮች ተደርድረዋል። አንዱን በወንዝ ውሃ፣ አንዱን በቧንቧ ውሃ፣ አንዱን በደረቅ ሳሙና፣ ሌላውን በዱቄት ሳሙና ሠርተዋቸዋል። ክሩን ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው ከሚያጥቡባቸው ቤቶች የተጣለ አሮጌ ሹራብ እየተረተርኩ ነው አሉኝ። አንድ በአንድ አነሳኋቸው፤ ሁሉም እንደ ጫማ ሶል ጠብቀዋል።

ኦምዱርማን የስፌት ቤት ያላት አንዲት ሴት ሙያቸውን ሰምታ እንደፈለገቻቸው ነገሩኝ። ልጆች እንዲያስተምሩላት ትፈልጋለች፤ ከፊል ልትሆናቸውም ተስማምታለች። መልሱን ቅዳሜ ነው የምትጠብቀው። እኔ ደስታዬን ልገልጽ ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አሉ። "ያን ቀይ ክር ራሴ ባየው ጥሩ ነበር፤ ተጥሏል አሉኝ። ይኸው በስንት ውሃ ሞከርኩት፣ ሁሉም ይይዝልኛል። ያኔ ለምን እምቢ እንዳለኝ አልገባኝም። ክሩ ከሆነ እጄ ደህና ነው፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ክሩ ደህና ከነበረ ግን እጄ ከድቶኛል፤ ሌላ ሴት በሰው ፊት አላዋርድም። አንቺ ነሽ የቀመስሽው፣ ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም። ሁሉንም ቀምሰሽው ነበር?"

እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ አውቀዋለሁ፤ አልረሳውም። ብናገር ለማኅበራቸው ሴቶች ያወራሉ፣ ወሬው ዴም ይደርሳል፣ ከዴም ካርቱም ሁለት ይገባል፣ ሲት ናዲያ ኢቃማዬን ትነጥቀኛለች አልኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ሻይ የያዘውን ብርጭቆ ከከንፈሬ እስካወርድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

"ሁሉንም ቀምሼው ነበር፣ እትዬ" አልኳቸው።

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ከዚያ "ተመስገን፣ እንግዲህ አወቅሁት" አሉና ቁራጮቹን ሰብስበው በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፤ ለልጆቹ ማሳያ ይሁናቸው ብለው። ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም አሉ፤ በልቼ ሄድኩ። ቅዳሜ ኦምዱርማን አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኘን፣ ዴም፣ ሃፍላ መሳፈሪያው ላይ። የሰው ልብስ የሞላ ዘንቢል ይዘው ነበር። ሥራ እንዴት ነው ብለው ስለ ልጆቹ በየስማቸው ጠየቁኝ። እኔም እናትዎ እንዴት ናቸው አልኳቸው።

"ደህና ነች፤ አሁን የምታውቀኝ በድምፄ ነው" አሉኝ።

ሃፍላው መጣ፣ ዘንቢላቸውን አቀበልኳቸው፣ ሄዱ።

ለቅሶው ካበቃ በሁለተኛው ቀን ሲት ናዲያ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እሑዱን፣ ጆንያውን፣ ሁለቱን ክር፣ እንቅልፌን፣ የማዮዋን አርብ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ኢቃማዬንም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ይመኙሻል ማረፋቸውን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አላህ ይርሐማ፣ ነፍሷን ይማር አለች። ከዚያ ወረቀቱን አየችውና ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል አለችኝ። እንዳትወስጂብኝ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት አልኳት።

"ማሌሽ፣ ያ ዘሃራ" አለችኝ፤ ግድ የለም ማለቷ ነው። "ያኔ ብትነግሪኝ አንድ ሳምንት እቆጣሽ ነበር፤ ከዚያ ቀዩን ልጠን በሌላ እንሠራው ነበር። ኢቃማሽን ምን አገናኘው?"

ወረቀቱን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። እኔም አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የፈራሁት ነገር በሙሉ ያ የአንድ ሳምንት ቁጣ ነበር።